ቄሱ የቀሩ ዕለት

ማዕዱ ተሰናድቷል። ነጩ ጨርቅ ተነጥፏል፤ ኅብስቱ ሳህኑ ላይ ነው፤ ወይኑም ጽዋው ውስጥ ተቀድቷል። የጎደሉት ቄሱ ብቻ ናቸው።

ስልኬ ጠራ። እሳቸው ናቸው። መኪናቸው መንገድ ላይ ቀጥ ብላለች። አንድ ቄስ ሦስት ማኅበረ ምእመናን በሚያገለግልበት ቦታ ይህ ብርቅ አይደለም። እኛ ጋ የሚደርሱት በወር አንዴ ነው፤ ያውም ሁሉ ነገር ከተሳካ። «ዛሬ የምደርስ አይመስለኝም። ዝማሬውንና ጸሎቱን አንተ ምራው» አሉኝና ስልኩ ተዘጋ።

እኔ የዚህ የሉተራን ማኅበር ሽማግሌ ነኝ። ቄሱ ሲኖሩ ጽዋውን ይዤ በማደል አግዛለሁ። እሳቸው በማይኖሩበት እሑድ የተዘጋጀ ስብከት አነባለሁ። አንዴ ከራሴ አመንጭቼ ልስበክ ብዬ በጠፋው ልጅ ጀምሬ እንዴት የኖኅ መርከብ ላይ እንደ ጨረስኩ ዛሬም አይገባኝም። ከዚያ ወዲህ ማንበብ ይሻለኛል ብያለሁ። በአጭሩ፣ ተራ ምእመን ነኝ።

አጠገቤ የተቀመጠው ሌላው ሽማግሌ ጎንተል አደረገኝ። «ቃሉን እንደሆነ በቃልህ ታውቀዋለህ። ለምን አንተ አትለውም?» አለኝ በሹክሹክታ። ማወቁንስ አውቀዋለሁ። «ጌታ ኢየሱስ አልፎ በተሰጠበት በዚያች ሌሊት» ብሎ የሚጀምረውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ ሳልሳሳት እወጣዋለሁ። ግን አልተነሣሁም። ዘመርን፣ አነበብኩ፣ ጸለይን። በመጨረሻ ማዕዱን ሸፍኜ ሰዉን አሰናበትኩ።

በር ላይ አንዲት እናት ያዙኝ። ቁርባን ባለበት እሑድ ቀርተው የማያውቁ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ ቄሱ ቢቀሩ ጌታም ይቀራል እንዴ?» አሉኝ።

ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም ሆነብኝ። ምንም ሳልመልስላቸው ሄዱ። ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ቀረ። ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት ልመልስላቸው ሲገባኝ ያልመለስኩት ነው። ትንሽ ረዘም ይላል።

ነገሩን ይበልጥ ያወሳሰበብኝ የገዛ ቤታችን ታሪክ ነው። የእኅቴ ልጅ የተወለደችው ያለ ወሯ ነው። ሌሊት ነበር። ሐኪሙ እስኪነጋ ላትቆይ ትችላለች አለን። ቄስ የሚጠራበት ሰዓት አልነበረም። እናቴ በብርጭቆ ውኃ አስመጣች። ሦስት ጊዜ ራሷ ላይ ጠብ እያደረገች በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠመቀቻት። ልጅቷ ነጋላት። ከረመች፣ አደገች። ዛሬ ስልኳን ከእጇ የማትለይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት።

ከሆስፒታል ስትወጣ ለቄሱ ነገርናቸው። የጠየቁን ሦስት ነገር ብቻ ነው። በውኃ ነው ወይ? በሥላሴ ስም ነው ወይ? ያየ ሰው አለ ወይ? አዎ አልናቸው። ጥምቀቷን ለማኅበሩ አስታወቁ፣ ጸለዩላት፣ መዝገብ ላይ ጻፏት። ደግሜ ላጥምቃት አላሉም። እናቴንም ማን ሾመዎት ብሎ የጠየቃት የለም።

እንግዲህ ቤተ ክርስቲያኗ ያችው ናት። ሉተራን ቅዱሳት ምሥጢራት ሲሉ በዋናነት እነዚህን ሁለቱን ማለታቸው ነው፤ ጥምቀትንና የጌታን እራት። እናቴ አንዱን ማድረግ ቻለች። እኔ ሌላው ላይ ስደርስ እጄን ሰበሰብኩ። ለምን?

መልሱን ፍለጋ የሉተራን አባቶች ወደ ጻፉት ሄድኩ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሁሉም ቀድሞ የሚጠቁምህ የሉተራን ዋና የእምነት ሰነድ የሆነውን የአውግስበርግን የእምነት መግለጫ ነው። አንቀጽ 14 በጣም አጭር ናት። በሥርዓት ያልተጠራ ማንም በቤተ ክርስቲያን በአደባባይ አያስተምር፣ ምሥጢራትንም አያድል ትላለች። አለቀ። ብዙ ሰው ክርክሩን እዚህ ላይ ይዘጋዋል።

እኔን ግን አንድ ነገር አሣቀኝ። መግለጫውን ያረቀቀው ፊሊፕ ሜላንክቶን ነው። ሜላንክቶን ዕድሜውን በሙሉ መምህር እንጂ ቄስ ሆኖ አያውቅም። ጁን 25 ቀን 1530 በንጉሠ ነገሥቱ በካርል 5ኛ ፊት ያነበበው የሳክሶኒው ቻንስለር ክርስቲያን ባየር ነው፤ እሱም ምእመን ነው። የፈረሙበትም መሳፍንትና የከተማ ሹማምንት ናቸው፤ እነሱም ምእመናን። የተሐድሶው መሪ ማርቲን ሉተር የተወገዘና ከሕግ ጥበቃ ውጭ የተደረገ ሰው ስለነበር ኮቡርግ ምሽግ ውስጥ ቁጭ ብሎ ወሬ ይጠብቃል። ስለዚህ «ያልተጠራ አያድል» ብለው በአደባባይ የቆሙት ምእመናን ራሳቸው ናቸው። ቄሶች ምእመናንን ለማራቅ ያወጧት አንቀጽ ትመስለኝ ነበር። ይህን ካወቅሁ በኋላ በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ።

ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1520፣ ሉተር ለጀርመን መኳንንት በጻፈው ጽሑፍ ከጥምቀት ውኃ የወጣ ሁሉ ካህን ነው ብሎ ነበር። ሁለት ምሳሌ ይሰጣል። አንዱ ስለ አሥር ወንድማማቾች ነው። ሁሉም የንጉሥ ልጆች ናቸው፤ ሁሉም እኩል ወራሾች። ግን ርስቱን እንዲያስተዳድርላቸው ከመካከላቸው አንዱን ይመርጣሉ። የተመረጠው ከሌሎቹ የበለጠ ልጅ ሆኖ አይደለም። ሥራው ለአንድ ሰው መሰጠት ስላለበት ነው።

ሌላው ምሳሌ በረሃ ነው። ጥቂት ምእመናን ተማርከው ቄስ በሌለበት በረሃ ቢጣሉስ ይላል። ተስማምተው ከመካከላቸው አንዱን ቢመርጡ፣ እንዲያጠምቅ፣ እንዲቀድስ፣ የኃጢአትን ስርየት እንዲያውጅና እንዲሰብክ ቢያዙት፣ ያ ሰው ጳጳሳት ሁሉ ተሰብስበው የሾሙትን ያህል እውነተኛ ካህን ነው።

መጀመሪያ ሳነበው ደስ አለኝ። ጎንተል ያደረገኝ ሰው ልክ ነበር ማለት ነው አልኩ። ደግሜ ሳነበው ዓይኔ አንዲት ግሥ ላይ ተተከለ። «ቢመርጡ።» የበረሃው ሰው ማዕዱ ፊት የቆመው ደፋር ስለሆነ አይደለም። ቃሉን ሸምድዶ ስለያዘም አይደለም። ሌሎቹ «አንተ ሁንልን» ስላሉት ነው። ሉተር እዚያው ላይ ምክንያቱን ይነግርሃል። ሁላችንም እኩል ካህናት ስለሆንን፣ የሁላችን የሆነውን ሥራ ማንም ያለ ሌሎቹ ፈቃድና ምርጫ ብድግ ብሎ ለራሱ መውሰድ የለበትም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለበጠብኝ። እኔ አንቀጽ 14ን የማነብበው «ይህ የቄሶች ንብረት ነው፤ አትንካ» እንደሚል አጥር አድርጌ ነበር። ሉተር ግን «ይህ የሁላችሁም ነው፤ ስለዚህ አንድህ ብቻህን አትውሰድ» እያለ ነው። ክልከላው ያው ነው፤ ባለቤቱ ግን ተለወጠ። የጋራ ቤት ውስጥ ድርሻ አለኝ ብሎ አንዱ ወራሽ ቁልፉን ኪሱ ቢከት ምን ይባላል?

ያን እሑድ እኔን የጠራኝ ማን ነበር? አንድ ሹክሹክታ።

ግን እናቴንስ ማን መረጣት? እውነቱን ለመናገር ይህኛው ቶሎ አልተፈታልኝም።

ሉተር በ1523 ለፕራግ ክርስቲያኖች የጻፈው ነገር ረድቶኛል። የቦሄሚያ ሰዎች የራሳቸው ጳጳስ ስላልነበራቸው እጩዎቻቸውን ሮምን ወደሚታዘዙ ጳጳሳት ይልኩ ነበር። እዚያ ለመሾም ደግሞ እጩዎቹ ከልባቸው ያልሆነ ቃል ይገባሉ። ሉተር እንዲህ ከሚሆን አባወራው ለቤተሰቡ ወንጌል ያንብብ አላቸው፤ የተወለዱለትንም ያጥምቅ። ቁርባን ግን ዕድሜ ልክ ቢቀር ይሻላል፤ ድኅነት በእሱ ላይ የተንጠለጠለ አይደለምና። በ1536 መጨረሻም ስለ አንድ አባወራ ተጠይቆ ነበር። ይህ ሰው ለራሱና ለቤቱ ቁርባን ቢያድልስ? ሉተር አያስፈልግም አለ። ጥሪ የለውም፤ ግዴታም የለበትም። በቃሉ ያምናል፤ ይበቃዋል።

ጨካኝ መልስ መስሎኝ ነበር። ዕድሜ ልክ? እኛ በወር አንዴ ሲቀርብን በር ላይ እንያያዛለን።

ሉተር ለፕራግ ሰዎች የጻፈው ግን እዚያ ላይ አያልቅም። ሰዎች ሲጠቅሱት አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን ግማሽ ይተዉታል። ተሰብሰቡ፣ ጸልዩ፣ ብቁ የሆነውን ምረጡ፣ እጃችሁን ጫኑበት፣ ከዚያም ቄሳችን ነው በሉ ይላቸዋል። እንግዲህ ትዕግሥቱን የሚመክረው ለአባወራው ነው። ማኅበሩን «ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ» አላለም። ተነሡ ነው ያለው።

አሁን ወደ እናቴ ልመለስ። ሜላንክቶን በ1537 ስለ ሮሙ ጳጳስ ሥልጣን ሲጽፍ ከአውግስጢኖስ የተወሰደ አንድ ታሪክ ያነሣል። እኔ በጣም ነው የምወደው። ሁለት ሰዎች መርከብ ላይ ናቸው። አንዱ ገና ያልተጠመቀ ንኡሰ ክርስቲያን ነው። ሌላው አጠመቀው። የተጠመቀው ደግሞ ወዲያው ለአጥማቂው የኃጢአቱን ስርየት አወጀለት። ሜላንክቶን ይህን የሚያነሣው በችግር ጊዜ ምእመን ለሌላው ምእመን አገልጋይና እረኛ ይሆናል ለማለት ነው። ደስ የሚል ልውውጥ ነው። ልብ በሉ ግን፤ በዚያ መርከብ ላይ ውኃ አለ፣ ቃል አለ፣ ኅብስትና ጽዋ አልተነሣም።

እንደ ገባኝ ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ያልተጠመቀችው ሕፃን ገና ደጅ ናት። የሚመርጥላት ማኅበር አልነበራትም፤ ጊዜም አልነበራትም። እናቴ ያን ሌሊት የማኅበሩን ቦታ አልወሰደችም፤ በሩን ነው የከፈተችላት። የጌታ እራት ግን በር አይደለም፤ ማዕድ ነው። የሚበሉት ቀድመው ገብተው የተቀመጡ፣ ቃሉን የሚሰሙ፣ ስርየቱ የታወጀላቸው ናቸው። አንድ ወር ሳይበሉ ቢቀሩ ይርባቸዋል እንጂ ከቤት አይወጡም። ደግሞም ማዕዱ የሁሉም ስለሆነ ፊቱ የሚቆመው ሰው የሚናገረው በሁሉም ስም ነው።

ይህን ስል በሉተራን መካከል ሁሉም ተስማምቶ ያደረ እንዳይመስላችሁ። በ16ኛው መቶ ዘመን ቲሌማን ሄሹሲየስ የሚባል የነገረ መለኮት ሰው ቄስ በማይገኝበት ችግር ምእመንም የጌታን እራት ሊሰጥ ይችላል ብሏል። አብዛኞቹ ከሉተር ጋር ቆሙ። ክርክሩ ግን ሞቶ አያውቅም።

ቢሆንስ ኖሮ? እኔ ተነሥቼ ቃሉን ብዬ ኅብስቱን ቆርሼ ቢሆን ኖሮ እናታችን የተቀበሉት ምን ይሆን ነበር? ሰዎች ሲከራከሩ ሁለት ጥያቄ ሲያምታቱ አያለሁ። «ይሠራል ወይ?» አንድ ጥያቄ ነው። «ላድርገው ወይ?» ሌላ ነው። የአውግስበርጉ መግለጫ አንቀጽ 8 ምሥጢራት በክፉ ሰው እጅም ቢታደሉ ኃይላቸው አይቀርም ይላል፤ ኃይሉ የክርስቶስ ቃልና ትእዛዝ ነውና። አንቀጹ የሚናገረው ስለ ክፉ አገልጋይ ነው እንጂ ስላልተጠራ ሰው አይደለም፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ቃሉ የእኔን ፈቃድ የሚጠብቅ አይመስለኝም። የጌታ ቃል ነው። የሚያደርገውን ያደርጋል።

ግን እናታችን ቤታቸው የሚሄዱት ምን ይዘው ነው? «ይህ በእርግጥ ለእኔ የተሰጠ ነው» የሚል እርግጠኝነት ወይስ «ያ ልጅ ዛሬ ያደረገው ነገር ልክ ይሆን?» የሚል ጥያቄ? ማዕዱ የተሠራው እርግጠኛ እንዲሆኑ ነው። እኔ በእሳቸው እርግጠኝነት ቁማር የመጫወት መብት የለኝም። ጥሪ ለተጠሪው ክብር የተሰጠ ይመስለን ይሆናል። ለእኔ ግን ዋናው ጥቅሙ ለተቀባዩ ነው። ማን እንደ ላከው የሚታወቅ ሰው ነው የሚሰጥህ።

ሌላም ነገር አለ፤ ትንሽ የማያስደስት። በሩ ለፈለገ ሁሉ ክፍት ቢሆን ቀድሞ የሚነሣው ትሑቱ አይደለም። ማኅበራችንን አውቀዋለሁ። ድምፁ ከፍ ያለው ነው የሚነሣው፤ ገንዘብ ያለው ወይም ቄሱን የማይወደው። ይህን ስጽፍ ራሴን ከዝርዝሩ አላወጣም። ያን ዕለት ጎንተል ስደረግ አንዲት ትንሽ ደስታ ሽው ብላብኛለች።

ቄሱን የማይወደው ሰው ፍላጎት ምን እንደሚያመጣ ስዊድን በ1870ዎቹ አሳይታናለች። እዚያ ቄስ አልጠፋም፤ በየደብሩ ነበር። የተነቃቁት ምእመናን ግን ከማያምን ሰው ጋር፣ ከማያምን ቄስ እጅ አንቆርብም አሉ። የራሳቸውን የቁርባን ማኅበራት አቋቋሙና እርስ በርሳቸው ማደል ጀመሩ። ነገሩ እየሰፋ ሄዶ በ1878 የስዊድን ሚስዮን ኅብረት የሚባለው ለብቻው ቆመ። ጥያቄያቸው ከንቱ ነበር አልልም። ግን ቄስ ማጣትና ቄስ መጥላት አንድ አይደሉም። ሁለቱም «ምእመን ያድል» ብለው ስለሚጮኹ ብቻ አንድ ላይ ባንደምራቸው ጥሩ ነው።

ሌላኛው ጫፍ ላይ ደግሞ አፌን የሚያስይዘኝ ታሪክ አለ። በሶቪየት ኅብረት በ1930ዎቹ መጨረሻ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን እንደ ተቋም ጠፍታለች። ቄሶቹ ተገድለዋል፣ ታስረዋል፣ ተሰድደዋል። በ1941 በቮልጋ ወንዝ ዳር ይኖሩ የነበሩት ጀርመኖች በባቡር ተጭነው ካዛክስታንና ሳይቤሪያ ተጣሉ። ብዙዎቹ ወንዶች በግዳጅ ሥራ አለቁ። ታዲያ ማን ቀረ? አሮጊቶች። መዝሙሩን በእጃቸው ገልብጠው አቆዩት። በየሰው ቤት መጋረጃ ዘግተው ጸለዩ። ሕፃናትን አጠመቁ፤ ሙታንን ቀበሩ። በየቦታው ማኅበሩ የሚያምናቸው ወንድሞች ማዕዱን ያድሉ ነበር። ከካምፕ የተረፈው ቄስ ኦይገን ባክማን በ1950ዎቹ ካዛክስታን ውስጥ አክሞሊንስክ ላይ ማገልገል ሲጀምር እንዲህ ያለ ሕዝብ ነው የጠበቀው። ሃራልድ ካልኒንሽ ደግሞ ከሪጋ እየተነሣ በዚያ ሰፊ አገር ተበትነው የቀሩትን ይጎበኝ ነበር፤ በ1988 ጳጳስ ሆነላቸው።

እነዚህን ሴቶች «አንቀጽ 14ን አንብባችኋል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ እኔ በሩን እዘጋበታለሁ። ይሄ የሉተር በረሃ ነው፤ ምሳሌ መሆኑ ቀርቶ እውነት የሆነው። እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ እርስ በርስ ይጠራራሉ። ጥሪ ማለት ደብዳቤና ማኅተም ብቻ ከሆነ እነሱ አልተጠሩም። የማኅበር «አንተ ሁንልን፣ አንቺ ሁኝልን» ከሆነ ግን ከእነሱ የበለጠ የተጠራ ማን ነው?

ከዚያ መቶ ዓመት ቀድሞ አሜሪካ ውስጥ ሚዙሪ ላይም ተመሳሳይ ጭንቀት ነበር። በ1839 ከሳክሶኒ የተሰደዱ ሉተራን እዚያ ደረሱ። መሪያቸው ማርቲን ሽቴፋን ጳጳስ ተብሎ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ በነውር ተከስሶ ተባረረ። ሰዎቹ ደነገጡ። ጳጳስ ከሌለን ቤተ ክርስቲያን ነን ወይ? ጥምቀታችን፣ ቁርባናችን ምንድን ነው? ካርል ኤድዋርድ ቬዘ የሚባል ምእመን የሉተርን ጽሑፎች እየጠቀሰ ስለ ምእመናን መብት ጻፈ፤ ኋላ ግን ተስፋ ቆርጦ አገሩ ተመለሰ። ሕግ አዋቂው ማርባክ ቤተ ክርስቲያን አይደለንም የሚል ወገን ሆነ። በኤፕሪል 1841 አልተንበርግ ላይ በአደባባይ ተከራከሩ። መልስ የሰጠው የ29 ዓመቱ ቄስ ቫልተር ነው። በመካከላችን ቃሉ እስካለ ድረስ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ቤተ ክርስቲያን ካለች ደግሞ አገልጋይ የመጥራት ሥልጣን አላት አለ። ሥልጣኑ ከጳጳሱ ጋር ተባርሮ አልሄደም። ጥሩ መልስ ይመስለኛል፤ ከባድም ነው። የመጥራት ሥልጣን ካለን ያለመጥራት ጥፋትም የእኛ ነው ማለት ነውና።

ስለ ዛሬ ለመናገር የፈለግሁት እዚህ ላይ ነው። በ1989 የሚዙሪ ሲኖዶስ የሚባለው የአሜሪካ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ዊቺታ ላይ ተሰብስቦ ቄስ በማይገኝበት ልዩ ሁኔታ ምእመናን ፈቃድ ተሰጥቷቸው፣ በቄስ ተቆጣጣሪነት እንዲሰብኩና ምሥጢራትን እንዲያድሉ በር ከፈተ። አንቀጽ 14 የት ሄደ የሚሉ ለሩብ ምዕተ ዓመት ተከራከሩ። በ2016 ሚልዋኪ ላይ እነዚህ ሰዎች ተመርምረው ወደ ሹመት የሚገቡበት መንገድ እንዲሠራ ተወሰነ። በአሜሪካ ያለችው ሌላዋ ትልቅ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የአካባቢው ጳጳስ ምእመንን ለተወሰነ ቦታና ለተወሰነ ጊዜ እንዲፈቅድ ታደርጋለች።

ፈቃዱን ሙሉ በሙሉ አልጠላውም። ቄሱ ሦስት ወር ታመው ሲተኙ አንድ ምእመን በሚገባ ተፈቅዶለት ቢያገለግል ምን አለበት? እሱም ጥሪ ነው፤ አጭር ጥሪ። የሚያስቸግረኝ ሦስት ወሩ ሰባት ዓመት ሲሆን ነው። አንድ ሰው በየሳምንቱ ይሰብካል፣ ያጠምቃል፣ ያቆርባል፣ የታመመ ይጠይቃል፣ ይቀብራል። በየዓመቱ ወረቀቱ ይታደስለታል። ይህ ሰው ምእመን ነው? ስሙን የተነፈገ ቄስ ነው። ቄስ የሚያደርገውን ሁሉ ያደርጋል፤ እጅ ብቻ አልተጫነበትም። ማኅበሩም ግማሽ ልቡን ነው የሚሰጠው፤ እሱም ግማሽ ልቡን። ከሆነ አይቀር ይጠሩት። ይመርምሩት፣ ያስተምሩት፣ ይጸልዩለት፣ ይሹሙት።

«ትምህርቱስ?» ይሉኛል። ግሪኩ፣ ዕብራይስጡ፣ የሴሚናሪው አራት ዓመት? በኖኅ መርከብ የጨረሰውን ስብከቴን የሰማ ሰው ይህን ሲጠይቅ አልቀየመውም። ያልተማረ ሰባኪ መንጋውን ሊያስት ይችላል። ግን ያ ሰው ላለፉት ሰባት ዓመታት በየሳምንቱ ሲሰብክ ትምህርቱ የት ነበር? ለፈቃዱ የበቃ ዕውቀት ለሹመቱ የማይበቃው እንዴት ነው? አይበቃም ከተባለ ለፈቃዱም አይበቃም ነበር።

2020ን በአጭሩ ልለፈው። በኮሮና ምክንያት በሮች ሲዘጉ ሰው ስክሪን ፊት ኅብስት ይዞ ተቀመጠ። የትኛውም ቤት የራሱ ማዕድ ሆነ። ገሚሱ ሉተራን ይቻላል አለ፤ ገሚሱ እንጾማለን አለ። እኔ ከጾሙት ጋር ነበርኩ። ምክንያቴ ጥልቅ ነገረ መለኮት አልነበረም። ብቻዬን ሳሎን ውስጥ ቆርሼ ለራሴ ስሰጥ ታየኝና አልዋጥልህ አለኝ። ለእኔ የሚሰጠኝ ሌላ ሰው መሆን አለበት።

ሰው «ተራ ምእመን» ሲለኝ ቃሏን አስባታለሁ። ተራ ማለት ዝቅ ያለ፣ ምንም ያልሆነ ነው። ተራ ማለት ደግሞ ወረፋም ነው፤ ተራ የሚደርሰው ሰው ተራ አለው። ሉተር ስለ አሥሩ ወንድማማቾች ሲናገር ሁለተኛው ትርጉም የገባው ይመስለኛል።

የመኪናዋ ነገር ካለፈ ከሳምንት በኋላ ቄሱን አግኝቼ ሁሉን ነገርኳቸው። ሹክሹክታውን፣ የእናታችንን ጥያቄ፣ ሽው ያለችብኝን ደስታም ጭምር። ይቆጡኛል ወይም ያመሰግኑኛል ብዬ ነበር። ሁለቱንም አላደረጉም። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው «በወር አንዴ ብቻ መምጣቴን ለምዳችሁታል። እኔም ለምጄዋለሁ። ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወረቀት አወጡ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበን ከመካከላችን አንድ ሰው ሠልጥኖ እንዲሾምልን ለበላይ አካል ደብዳቤ ጻፍን። እጩው ማን እንደሆነ እዚህ አልናገርም፤ እኔ ግን አይደለሁም። ማኅበሩ መርጧል፤ ጥሩ ነው የመረጠው።

በሚቀጥለው ወር ቄሱ መጡ። እሳቸው ኅብስቱን፣ እኔ ጽዋውን ይዘን አደልን። እናታችን ጋ ስደርስ «ስለ እርስዎ የፈሰሰ የክርስቶስ ደም» አልኳቸው። «አሜን» አሉና ጠጡ።

ደብዳቤው ከተላከ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ያለፈው እሑድ ቄሱ አልነበሩም። ስብከት አንብቤ ስጨርስ እናታችን እንደ ልማዳቸው በር ላይ ጠበቁኝ።

«ያ ደብዳቤ ምን ደረሰ?»

«ገና ነው፣ እማማ። እየታየ ነው ብለውናል።»

ዱላቸውን አስተካክለው ያዙ። «እኔ ደግሞ ሰማንያ ሦስት ሞላኝ» አሉኝና ደረጃውን መውረድ ጀመሩ።